ከአያታችን አፍ የተቆረጠው ቃል

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለክሬግ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ባሕሩስ እንዴት ይዞሃል? ባለፈው በላክኸው ፎቶ ላይ ጉንጭህ ገባ ብሎ አየሁት፤ ከስተህ ነው ወይስ ጢምህ ነው? መረቡ የቆረጠህ አውራ ጣትህ ዳነ ወይ? ሜሬስ ደህና ናት? ትንሿ ልጃችሁ ኪሪ ጥርስ አወጣች ወይ? እናንተ ጋ በጋው እያለቀ እንደሆነ ጽፈህልኝ ነበር። እዚህ ደግሞ ብርዱ ያለቀ ይመስልና ጠዋት ስንነሣ እንደገና መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስል ማንም አልታመመም፣ ጣሪያውም አላፈሰሰም ማለቴ ነው። የቀረውን ከዚህ በታች ታነበዋለህ።

ትናንት ከመርከብ ደውለህ «ፊልሙ እንዴት ነበር?» ስትለኝ «አለፈ» ብዬህ ዝም አልኩ። የተቀየምኩህ እንዳይመስልህ። አያታችን አጠገቤ ነበረች፤ እኔም አፌ አልታዘዝ አለኝ። አንተ ካለህበት አገር የእኛን ቴሌቪዥን ማየት እንደማይቻል ነግረኸኛል። እሰየው። ከማየትህ በፊት ይህን ብታነብ ይሻላል፤ ወደብ ስትገባ ይደርስሃል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ባለፈው መኸር አለቃዬ ፊሊፓ ማንቸስተር ባለው ቢሮዋ ሰብስባን ስለ ወደብ ሴቶች ፊልም እንሠራለን ስትል፣ የብላክሎ ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሰፈራችንን በር ለበር እያንኳኳሁ ሴቶቹን ያገኘኋቸው፣ ብርዱን ሙሉ በየማእድ ቤታቸው ተቀምጬ ያዳመጥኳቸው እኔ ነኝ። አያታችን ግን ለብዙ ጊዜ እምቢ አለችኝ። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠይቃ ተስማማች፤ ፊልሙ ሲያልቅ የሺላ ስም እንዲጻፍ። ፊሊፓም እዚሁ ሶፋችን ላይ ተቀምጣ፣ የአያታችንን ኬክ እየበላች፣ «ያለ ምንም ጥርጥር፣ ዶሪን» ብላ ቃል ገባችላት።

ሺላ ማለት ቡፌው ላይ ባለው ፎቶ ፀጉሯን ወደ ላይ የቆለለችው ልጅ ናት፤ የአያታችን ታናሽ እህት። እኔንና አንተን በሳንባ ምች ሞተች ብለው ነው ያሳደጉን። የሳንባ ምች አልነበረም። ብላክሎ ውስጥ አንድ ካቦ ነበር፤ ያጉረመረመችውን ሴት ብቻዋን ዓሣው የሚቀመጥበት በረዶ ቤት አስገብቶ ሣጥን ያስደረድራት ነበር። የበረዶ ቤቱ በር የውስጥ መክፈቻው ተሰብሯል። ሴቶቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ የሚናገር ግን የለም። ሺላ ተናገረች። ካቦው እሷኑ አስገባት። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ፤ የተገኘችው ሥራ ሲያበቃ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አያታችን ይህን ሁሉ በካሜራው ፊት ስትናገር ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። የካሜራው ሰውዬ ነው ወደ ጓሮ ወጥቶ አጥሩን ተደግፎ የቆየው።

ፊሊፓ ቆረጠችው። «ጆዲዬ፣ ሰው እራቱን ጭኑ ላይ አድርጎ በሚያይበት ሰዓት የሞተች ልጅ አላስገባም። የተፈለገው ሞቅ ያለ ነገር ነው» አለችኝ። የምናወራው እኮ ስለ በረዶ ቤት ነው አልኳት። ቃል ገብተሽላታል አልኳት። በሰው ሁሉ ፊት ነው ያልኳት፤ ሌላም ጨምሬአለሁ፤ ሌላውን አያታችን ብትሰማው አፌን በሳሙና ታጥበው ነበር። በሳምንቱ ከሥራው አነሡኝ፤ ስሜም ከፊልሙ መጨረሻ ተሰረዘ። ባለፈው ረቡዕ ደግሞ ይኸው ፊሊፓ ራሷ ደወለች፤ ድምፅዋ ማር ሆኗል። ቤት ስለሚፈልጉ ሰዎች አዲስ ፕሮግራም አለ፣ ቦታ ይዤልሻለሁ፣ ስምሽም ከላይ ከላይ ነው የሚወጣው፣ ብቻ ስለዚህኛው ፊልም ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ አለች። መልሱን እስከ ሰኞ ብላ ዘጋችው።

ለአያታችን አልነገርኳትም። በየጠዋቱ ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ እነሣና ሻይ አፍልቼ እቀመጣለሁ። ስለ ብላክሎ ስታወራ የምትለው ነገር አለ፤ እጅ በረዶ ውስጥ ሲውል ቢላው ሲቆርጥሽ አይሰማሽም፣ ዓሣው ላይ ደም ስታዪ ነው የማን ነው ብለሽ ጣትሽን የምታገላብጪው ትላለች። እኔም እንደዚያ ሆኜ ሰነበትኩ። እንደተቆረጥኩ አውቃለሁ፤ አይሰማኝም።

ዐርብ ደረሰ። አያታችን ገና ጎህ ሲቀድ አንተ የገዛህላትን ትልቁን ቴሌቪዥን ከፈተችው። ባለፈው የገና ዕለት የማታውቀውን ቁልፍ ነክታ ጣቢያው ጠፍቶባት፣ በዓሉን በዌልስኛ ስለ ዓሣ ነባሪ ስታይ መዋሏን ታስታውሳለህ። ይህ አይደገምም ብላ፣ ፊልሙ የሚተላለፍበትን ጣቢያ እንዳገኘች ሪሞቱን በፎጣ ጠቅልላ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው፤ ቆርቆሮውን ጭኗ ላይ አደረገችው። ፊልሙ የሚጀምረው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እስከዚያ ድረስ ያ ጣቢያ ያሳየውን ሁሉ፣ ምንም ሳናስቀር፣ አየን።

መጀመሪያ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሶፋ ላይ ተቀምጠው ስለ ጎርፍ፣ ስለ አንድ ሚኒስትር መልቀቅ፣ ቀጥሎ በዚያው ፊታቸው ስለ እንቁላል አቀቃቀል አወሩ። ቤቱ በውሃ የተሞላበት ገበሬ ሲናገር ጋዜጠኛዋ ራሷን በሐዘን ስትነቀንቅ ታየች። ያንን መነቅነቅ የሚቀርጹት ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው፤ ልጅቷ ባዶ ወንበር እያየች ነው የምታዝነው። እኔ ራሴ ከካሜራው ጎን ቆሜ «አሁን ትንሽ ጠለቅ አድርጊው» ብዬ አውቃለሁ። አያታችን ግን ከልቧ እያዘነች ስለነበር ዝም አልኩ።

ከዚያ ባልና ሚስት ገጠር ቤት ሲፈልጉ አየን። ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አራት መኝታ ቤት አነሰን ይላሉ። አያታችን «አራተኛው ለማን ነው? ለኩርፊያ ነው?» አለች። ያ ፊሊፓ የያዘችልኝ ፕሮግራም ወንድም መሆኑ ነው። ሴትየዋ በሩን ከፍታ «ውይ፣ እንዴት ብርሃን አለው» ስትል፣ በሩን ለስንተኛ ጊዜ እንደከፈተች ከፊቷ ላይ አነበብኩት። ሰኞ እሺ ካልኩ እንግዲህ ከበሩ ኋላ ቆሜ አንዴ ድገሚው የምላት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ለዚህ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ ጥያቄው እንኳ አላናደደኝም። ቀጥሎ ጨረታ መጣ፤ አንዲት አሮጊት የአክስቷን ማሰሮ አምጥታ ካሰበችው በላይ ሲሸጥላት አለቀሰች። ቀጥሎ ፖሊሶች አንድ ልጅ በአጥር ላይ አሳደዱ። እኔ ሁሉንም አየሁ፤ አንዱም አልነካኝም። ዝናብ በመስኮት እንደሚታይ ነው ያየሁት።

ለምሳ ጎረቤታችን እትዬ ቤሪል የቲማቲም ሾርባ በድስት ይዘው ከጋሽ ኖርማን ጋር መጡ። እትዬ ቤሪል ከአያታችን ጎን ቆመው ብላክሎ ዓሣ የበለቱ ናቸው፤ ፊልሙም ላይ አሉ። ጋሽ ኖርማን ሚስታቸው በቴሌቪዥን ትታያለች ብለው ከረባት አስረዋል። «ዕድሜ ልኬን ስታወሪ ሰማሁሽ፤ ዛሬ ገና ድምፅሽን መቀነስ የምችልበት ቀን መጣልኝ» አሏቸው። አያታችን ቆርቆሮዋን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ «መቀነሻው እዚህ ነው፤ ማን ሊነካው» አለች።

ከሰዓት በኋላ ስኑከር ነበር፤ አረንጓዴ ጠረጴዛ ላይ ኳስ ሲንከባለል ማንም ሳይናገር ረጅም ጊዜ ቆየን። ለእኔ የቀኑ ምርጥ ሰዓት ያ ነበር። ቀጥሎ የጥያቄና መልስ ውድድር መጣ። ጋሽ ኖርማን ምንም ቢጠየቅ መልሳቸው ናፖሊዮን ነው። የሞንጎልያ ዋና ከተማ? ናፖሊዮን። ሻይ የሚበቅልበት ደሴት? ናፖሊዮን። «አንድ ቀን ይመጣል፤ የዛን ቀን ታፍራላችሁ» ይላሉ። እትዬ ቤሪል «አንተን ሳገባ ነው ያፈርኩት፤ አሁን ለምጄዋለሁ» አሏቸው። አያታችን ሳቀች። እየሳቀች እኔን አየችኝ፤ እኔም ፊቴን ወደ ቴሌቪዥኑ መለስኩ። ንገሪያት፣ አሁን ንገሪያት እያልኩ የአየር ትንበያው መጣ። ዝናብ ነው አለ።

በመሸ ጊዜ መጠጥ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች በአንድ ወንድ የሚጯጯሁበትን ተከታታይ ድራማ እያየን ጋሽ ኖርማን ከማእዘኑ ሱቅ የተጠበሰ ዓሣና ድንች ይዘው ገቡ። በየጭናችን ላይ አደረግነው። ፊሊፓ ያለችው ሰው እኛ ነን ማለት ነው።

መቼም የቤታችንን ልማድ ታውቀዋለህ። ፕሮግራም አልቆ የሠሪዎቹ ስም መውጣት ሲጀምር ሶፋው ላይ የሚገኝ ሰው የለም፤ ሁሉም ማንቆርቆሪያው ጋ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ስሜ በሌላ ሰው ቤት ሁሉ ሲያልፍ የገዛ ቤተሰቤ ሻይ እየቀዳ ነበር። ዐርብ ግን አያታችን ሻዩን አስቀድማ አፍልታ በፔርሙዝ አድርጋዋለች። «ስሙ ሲወጣ ከዚህ ክፍል የሚነሣ ሰው ሁለተኛ እዚህ ቤት አይገባም» አለች። ጋሽ ኖርማን አስቀድመው ሽንት ቤት ደርሰው መጡ።

ፊልሙ ጀመረ። የሚያምር ፊልም ነው፤ ውሸት አልነግርህም። ባሕሩ አለ፣ አሮጌዎቹ ፎቶዎች አሉ፣ ሻሽ ያሰሩ ልጃገረዶች ተቃቅፈው ይስቃሉ፣ ከበስተጀርባው ዘፈን አለ። አያታችን ታየች። ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ፣ ከመስኮቱ የገባው ብርሃን ጉንጯ ላይ አርፎ፣ «እኛ አጉረምርመን አናውቅም» አለች። እዚያ ላይ ተቆረጠች። ወዲያው እትዬ ቤሪል ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሲስቁ ታዩ። ከዚያ ባሕሩ መጣ።

ክፍሉ ውስጥ ማንም አላኘከም። እትዬ ቤሪል ቀስ ብለው «ይኼ ሳቅ እኮ የኖርማን ሱሪ የተቀደደ ቀን የሳቅሁት ነው። ዶሪን፣ እኔ አንቺ ስትናገሪ አልሳቅሁም። እዚያ ቤት እንኳ አልነበርኩም» አሉ። አያታችን «አውቃለሁ» አለች። ጋሽ ኖርማን ከረባታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱት።

ፊልሙ አለቀ። እንደ ልማዳቸው ስሞቹን አጥብበው አንድ ጥግ ላይ ወረወሯቸው፤ በቀረው ቦታ አስተዋዋቂው ስለሚቀጥለው የምግብ ዝግጅት ያወራል። አያታችን ጋዜጣ ላይ የቃላት እንቆቅልሽ የምትሞላበትን ማጉያ መነጽር አንሥታ፣ ቆርቆሮዋን አስቀምጣ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበረከከች። ጉልበቷ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። አፍንጫዋ መስተዋቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ስሞቹ እንደ ጉንዳን ሽቅብ ያልፋሉ። «እማማ፣ ተነሺ» አልኳት። «ቆይ፣ እየፈለግሁ ነው» አለች። «ስሜ የለም፤ አውጥተውታል» አልኳት። ዘወር ሳትል «ያንቺ እንደሌለ አይቻለሁ። አንቺ በሕይወት አለሽ፤ ሌላ ቦታ ትጽፊዋለሽ። እኔ የምፈልገው የሺላን ነው» አለች።

«እሱም የለም» አልኳት። ማጉያውን ከመስተዋቱ ላይ አነሣች። «ታውቂ ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኩ። ቀኑን ሙሉ አፌ ውስጥ የነበረው ቃል ይኸው ሁለት ፊደል ብቻ ሆኖ ወጣ። አልተቆጣችኝም፤ አላለቀሰችም። እትዬ ቤሪል በአንድ ወገን እኔ በአንድ ወገን ደግፈን አስነሣናት። ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ወፍራም ሰውዬ ስለ ቅቤ እያወራ ነበር። አያታችን ቆርቆሮውን ከፈተች፣ ፎጣውን ፈታች፣ ሪሞቱን አወጣችና አጠፋችው። ከጎህ ጀምሮ የተከፈተ ነገር ሲጠፋ ቤቱ እንዴት እንደሚሰፋ አታምንም።

እትዬ ቤሪል «ሻይ ልቅዳ» አሉ። «ሻዩ ይቆይ። ጆዲ፣ እነዚህ ሰዎች ቅሬታ የሚቀበሉበት ስልክ አለ አይደል? ደውዪልኝ» አለች አያታችን። እሷ ማለት እኮ፣ ክሬግ፣ የቀዘቀዘ ሾርባ ቢያቀርቡላት አመስግና የምትጠጣ፣ ባቡሩ ቢቀርባት ይቅርታ የምትጠይቅ ሴት ናት። ደወልኩላት፤ ድምፁን ለሁላችንም ከፈትኩት። ሙዚቃ ነው፤ በየመሀሉ ጥሪዎ ለእኛ አስፈላጊ ነው ይላል። ጋሽ ኖርማን «አስፈላጊ ቢሆንማ ያነሡት ነበር» አሉ። አያታችን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለች ቀጥ ብላ ተቀምጣ ጠበቀች።

በመጨረሻ አንድ ጨዋ ልጅ አነሣ። «እናቴ፣ ቅሬታዎ ስለምንድን ነው? ስለ ድምፅ ጥራት ነው፣ ከሥር ስለሚወጣው ጽሑፍ ነው፣ ወይስ ስለ ብልግና ቃል?» አላት። አያታችን «ዛሬ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እኛ አጉረምርመን አናውቅም ያልኩት አሮጊት እኔ ነኝ። ይኸው አሁን ማጉረምረሜ ነው። ጻፍ» አለችው። ልጁ «በምን ርዕስ ልመዝግበው?» ሲል፣ «ሺላ ክሮፍት በል» አለች። ፊደል በፊደል ነገረችው። መልሰህ አንብብልኝ አለችው፤ አነበበላት። ከዚያ ያልታየውን ሁሉ፣ ካቦውን፣ በሩን፣ ያንን ቀን፣ በዚያው ባልተንቀጠቀጠ ድምፅ ነገረችው። ስትጨርስ ስልኩን ለእትዬ ቤሪል አቀበለች፤ «ሳቅሽን ጠይቂው» አለቻቸው። እትዬ ቤሪል ሳቄን መልሱልኝ አሉት። ጋሽ ኖርማንም ተቀበሉና ስለ ሱሪው መሰከሩ። ልጁ «ሁላችሁም ከአንድ ቤት ናችሁ?» ብሎ ጠየቀ። አያታችን ከሶፋው ሆና «ነገ ከሁሉም ቤት ነን። ሻይህን ይዘህ ቁጭ በል» አለችው።

እንዳለችውም ሆነ። ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ብላክሎ የሠሩት ሴቶች፣ በሞቱትም ፈንታ ልጆቻቸው፣ ወደዚያው የቅሬታ ስልክ ሲደውሉ ዋሉ። ምን እንደሚመጣ አላውቅም። ምናልባት ምንም። ምናልባት ይቅርታ የሚል አንድ ወረቀት ይልኩ ይሆናል። እኔ ግን ሰኞን አልጠበቅሁም። ትናንት ከአንተ ጋር እንደጨረስኩ ለፊሊፓ ደውዬ ቦታሽን ለሌላ ስጪው፣ የሺላንም ነገር ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገራለሁ አልኳት። «በዚህ ሙያ ሁለተኛ እንጀራ አትበዪም» አለችኝ። ይሁን አልኳት። ጀግና የሆንኩ እንዳይመስልህ፤ ደስም አላለኝም። ብቻ ስልኩን ስዘጋ እዚህ ደረቴ ላይ አንድ ቦታ አመመኝ። ለአያታችን ነገርኳት። ጥሩ ነው አለችኝ፤ እጅ ከበረዶ ወጥቶ ሲሞቅ መጀመሪያ የሚመጣው ሕመሙ ነው አለች።

እንግዲህ ሜሬን ጉንጯን ሳምልኝ፤ የላከችልኝን ሹራብ ዐርብ ለብሼው ዋልኩ። ኪሪን ሆዷን ሳምልኝ። አያታችን ናፍቀኸኛል ብላለች፤ ኪሪ ማውራት ስትጀምር የቡፌዋን ልጅ ስም አስተምራት ብላለች፤ ፎቶውን አስገልብጬ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። እትዬ ቤሪል ጣትህን ጨው ውሃ ውስጥ ንከረው ይሉሃል። ጋሽ ኖርማን ናፖሊዮን ይሉሃል።

ፊልሙን አንድ ቀን አንድ ሰው ቀድቶ ይልክልህ ይሆናል። ይላክልህ፤ እየው፤ አያታችን አምራለች። ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ «እኛ አጉረምርመን አናውቅም» ስትል ግን እዚያ ላይ አቁመውና የቀረውን ከዚህ አንብበው። እንዲህ ነበር ያለችው፤ «እኛ አጉረምርመን አናውቅም። አንዲት ልጅ ብቻ አጉረመረመች፤ እህቴ ሺላ። በሩ ከውስጥ አይከፈትም አለች። እውነቷን ነበር።»

የምትወድህ እህትህ ጆዲ

ፍሊትዉድ፣ እሑድ፣ ማርች 16 ቀን 2025